«ለማንኛውም ይታይ»

ከሚደርሱኝ የምርመራ መጠየቂያ ወረቀቶች ውስጥ ቅር የሚያሰኘኝ በጣም አጭሩ ነው። «የሆድ ሕመም፤ አልትራሳውንድ» ይላል፤ አለቀ። ልጁ ከታመመ ስንት ቀኑ እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደሚያመው፣ ያስመልሰው አያስመልሰው፣ ሐኪሙ ምን እንደጠረጠረ አንድም ነገር የለበትም። ወላጆቹን ስጠይቅ ደግሞ «ለማንኛውም ይታይ ተብለን ነው፤ ጉዳት የለውም አሉን» ይሉኛል።

ሥራዬ ሕፃናትንና ልጆችን በአልትራሳውንድ ማየት ነው። መሣሪያውን እወደዋለሁ። ያለ ጥያቄ ሲታዘዝ የሚከነክነኝም ስለምወደው ይመስለኛል። «ጉዳት የለውም» የሚለው አባባል ስለ ድምፅ ሞገዱ ከሆነ በአብዛኛው እውነት ነው፤ ጨረር የለም፣ መርፌ የለም፣ ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣም አያስፈልግም። ስለ ምርመራው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ምርመራ መልስ ያመጣል፣ መልስ ደግሞ ውሳኔ ያስከትላል። ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚደረግበት የሚያውቅ ሰው የለም።

በመጀመሪያ ለመሣሪያው ልመስክርለት። የልጅ ገላ ለአልትራሳውንድ የተመቸ ነው። ድምፅ ወደ ሰውነት በጠለቀ መጠን ይደክማል። ድግግሞሹ ከፍ ያለው ድምፅ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፣ ግን ቶሎ ይደክማል። ወፍራም አዋቂ ላይ ጥልቀት ለማግኘት ስንል ጥራቱን እንለቃለን። ሕፃን ላይ ኩላሊቱ ከቆዳው ሥር ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሚርቅ 10 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮብ (ገላ ላይ የሚያርፈውን፣ ድምፁን የሚልከውንና የሚቀበለውን የመሣሪያውን ክፍል) አንስቼ አዋቂ ላይ የማልመኘውን ዝርዝር አያለሁ። አጥንቱም ገና አልጠነከረም። የጭን አጥንት ራስ ልም አጥንት እስከሆነ ድረስ ድምፅ ያልፍበታል፤ እርግብግቢቱ ሳይዘጋ አንጎል በእሱ በኩል ይታያል፤ የአከርካሪ አጥንቶች የኋላ ክፍል ሳይጠነክር ባሉት የመጀመሪያ 3 ወይም 4 ወራት ኅብለ ሰረሰሩ ሲንቀሳቀስ ሳይቀር ይታያል። ከጊዜው በፊት የተወለደን ሕፃን ከሙቀት መስጫው ሳናወጣ አንጎሉ ውስጥ ደም መፍሰስ አለመፍሰሱን የምናየው በዚችው እርግብግቢት በኩል ነው።

በዚያ ላይ የሲቲ ስካን ጨረር ጉዳይ አለ። ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ለጨረር ስሱ ነው፤ ጉዳቱ ቢኖር እንኳ የሚገለጥበት ረጅም ዕድሜ ገና ከፊቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው «ኢሜጅ ጀንትሊ» የተባለው ዘመቻ ሐኪሞችን የወተወተው ስለዚሁ ነበር፤ ለልጅ ሲቲ ካስፈለገ መጠኑ ለልጅ ይስተካከል፣ በሌላ መንገድ መመለስ የሚችል ጥያቄ ከሆነ ደግሞ በሌላው ይመለስ። ዘመቻው ጥሩ ሠርቷል። የጎንዮሽ ውጤቱ ግን አልትራሳውንድ «ነፃ» ተደርጎ መቆጠሩ ይመስለኛል።

ጥያቄው ጥርት ሲል ይህ መሣሪያ ምን እንደሚሠራ በምሳሌ ላሳይ። የ5 ሳምንት ወንድ ሕፃን በጠባ ቁጥር ርቆ የሚወረወር ትውከት ያስመልሰዋል፤ ትውከቱ ወተት ብቻ ነው፣ አረንጓዴ ነገር የለውም፤ አስመልሶ ወዲያው ደግሞ ይርበዋል። ወረቀቱ ላይ ይህ ብቻ ቢጻፍልኝ ይበቃኛል። የጨጓራው መውጫ ጡንቻ ወፍሮ እንደሆነ እፈልጋለሁ። የአንድ በኩሉ ጡንቻ ውፍረት 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ፣ የመውጫው ርዝመት 15 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የበለጠ ሲሆን መልሱ ወደ አዎንታ ያዘነብላል። ቁጥር ብቻውን ግን አያሳምነኝም። ሕፃኑን በቀኝ ጎኑ አስተኝቼ እናቱ ጥቂት እንድታጠባው እጠይቃለሁ፤ ፈሳሹ ወደ መውጫው ሲሰበሰብ ያልፋል ወይስ እዚያው ይመለሳል? ለጥቂት ደቂቃዎች ዝም ብዬ እመለከታለሁ። ጡንቻው ለጊዜው ተኮማትሮ ወፍራም መስሎ ቆይቶ በኋላ የሚላቀቅበት ጊዜ አለ፤ ቸኩሎ የለካ ሰው ይሳሳታል። በጣም ካጠባችው ደግሞ የሞላው ጨጓራ መውጫውን ወደ ኋላ ገፍቶ ይደብቀዋል። ይህን ሁሉ የማደርገው የምፈልገውን ስለማውቅ ነው። «ትውከት» ተብሎ ብቻ ቢመጣልኝ ጉበትና ኩላሊት ስቆጥር ጊዜው ያልፋል፣ ሕፃኑም ያለቅሳል።

ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አራስ ሕፃን አረንጓዴ ካስመለሰው አንጀቱ ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። አልትራሳውንድ የደም ሥሮቹን መጠማዘዝ ሊያሳይ ይችላል፣ ሲያሳይም ይረዳል። ምስሉ ደህና መስሎ መታየቱ ግን ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም። እንዲህ ያለ ሕፃን ተራ ሲጠብቅ ካየሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ፕሮብ ማንሳት ሳይሆን የቀዶ ሕክምና ሐኪም መጥራት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ቀለም ተሰጥቶት የሚነሳ የአንጀት ራጅ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው የምወደው ጥያቄ አንጀት አንጀት ውስጥ ሲገባ ያለው ነው። ዕድሜው ብዙውን ጊዜ ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት ነው። ልጁ እግሩን ወደ ሆዱ አጥፎ ይጮኻል፣ ይበቃዋል፣ ጭልጥ ብሎ ይተኛል፣ እንደገና ይጮኻል። ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድር የሚመጣው ዘግይቶ ስለሆነ እሱን መጠበቅ አይገባም። እዚህ ላይ አልትራሳውንድ የሚተካከለው የለም ማለት ይቻላል፤ በለመደ እጅ ችግሩ ካለ ሳይታይ የሚያልፈው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። አንጀቱ በአግድም ተቆርጦ እንደሚታይ ሲታይ ክብ በክብ ውስጥ ሆኖ ዒላማ መስሎ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል፣ ስፋቱም ከ2.5 ሴንቲሜትር በላይ። ሲገኝ በፊንጢጣ በኩል አየር ወይም ፈሳሽ ተገፍቶ አንጀቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አብዛኞቹ ልጆች ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ።

ግን እዚሁ ላይ ሌላኛው የነገሩ ፊት አለ። ትንሹ አንጀት ውስጥ አጭርና ቀጭን መግባት አንዳንዴ ሲታይ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ ይፈታል። ልጁ እየሳቀ እያለ ይህን አይቼ አውቃለሁ። ሕክምና አያስፈልገውም። የማያመውን ልጅ «ለማንኛውም» ብለን ስናይ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ሪፖርት ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በስልክ የተነበበለት አባት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሮጣል።

ስለ ትርፍ አንጀት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጭቅጭቅ ያለው እዚህ ነው። ፕሮቡን በቀስታ እየተጫኑ ትርፍ አንጀትን የማየት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ሆላንዳዊው የራዲዮሎጂ ሐኪም ጁልየን ፑላርት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በመጫን አንጀት ውስጥ ያለውን አየር ከመንገድ ገለል ታደርጋለህ፤ ጤነኛው አንጀት ይጠፈጠፋል፣ የተቆጣው አይጠፈጠፍም። ስፋቱ ከ6 ሚሊሜትር ካለፈ ያጠራጥራል፤ ምንም እንኳ ጤነኛ ልጅ ላይ ከ6 የሚያልፍ ባይጠፋም። ዙሪያው ያለው ስብ አብጦ መንጣቱ፣ ፈሳሽ መኖሩ፣ ፕሮቡ ሲያርፍበት ልጁ ፊቱን ማጨማደዱ አንድ ላይ ይነበባሉ።

ችግሩ ትርፍ አንጀቱ ያልታየ ጊዜ ነው። አየር ይሸፍነዋል፣ ከአንጀት ጀርባ ይተኛል፣ ወደ ዳሌ ይወርዳል። «አልታየም» እና «ጤነኛ ነው» አንድ አይደሉም። እኔ ሪፖርት ላይ ሁለቱን ለይቼ እጽፋለሁ፤ ተቀባዩ ግን አንዳንዴ ሁለቱንም «አልትራሳውንዱ ምንም የለውም» ብሎ ያነባቸዋል። ካልታየና ሌላም ምልክት ከሌለ ጥርጣሬው ይቀንሳል፣ ዜሮ ግን አይሆንም። ያኔ የሚረዳው ልጁን ከጥቂት ሰዓት በኋላ በእጅ ደግሞ መመርመር፣ ካስፈለገ አልትራሳውንዱን መድገም፣ ካለ ኤም አር አይ ነው። ሲቲም ቦታ አለው። ጨረርን ፈርቶ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ማስታመም ልጁን መጠበቅ አይደለም።

አሁን ደግሞ ባይላክልኝ ደስ የሚለኝን ልንገራችሁ።

የዘር ፍሬው ወደ ቦታው ያልወረደ ወንድ ሕፃን። ወላጆች ሲመጡ «የት እንዳለ ይፈለግ ተብለን ነው» ይሉኛል፤ ምክንያታዊ ይመስላል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር ግን እንዲህ ላሉ ልጆች አልትራሳውንድ በዘልማድ አይታዘዝ ብሏል፤ እኔም እስማማለሁ። ባገኘው ቀዶ ሕክምናው አይቀርም። ባላገኘው ሆድ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሕክምናው አሁንም አይቀርም። የለመደ የቀዶ ሐኪም እጅ አብዛኛውን ጊዜ ያገኘዋል። ስለዚህ የእኔ ምስል የሚያደርገው ቀጠሮውን ማዘግየት ነው። 6 ወር ሲሞላው ካልወረደ (ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደው የተስተካከለው ዕድሜ ይቆጠራል) ወደ ቀዶ ሐኪም ይላክ፣ በቃ።

ድንገት የዘር ፍሬው ያበጠና የሚያመው ልጅም አለ። የዘር ፍሬ ሲጠመዘዝ ለማዳን የተሻለው ዕድል በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ነው። ሐኪሙ የሚጠራጠር ከሆነ የደም ፍሰትን የሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዘዴ፣ ዶፕለር፣ ይረዳል፣ ፈጥነን እናያለን። ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ግን የአልትራሳውንድ ወረፋ ላይ ያለፈችው እያንዳንዷ ደቂቃ ከልጁ ላይ የተቀነሰች ናት።

የእምብርት እበጥ በዓይን ይታያል፤ ለእኔ የሚተርፍ ጥያቄ የለውም። ከመቀመጫው በላይ ያለች ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብም እንዲሁ፤ ከ5 ሚሊሜትር ከጠበበች፣ ከፊንጢጣው በ2.5 ሴንቲሜትር ውስጥ ከሆነች፣ መሐል ላይ ካለች፣ ፀጉር ወይም ዕብጠት ወይም ቀይ ምልክት ከሌለባት ኅብለ ሰረሰሩን ማየት አያስፈልግም። ከእነዚህ አንዱ ከተዛባ ግን ኅብለ ሰረሰሩ የሚታይበት ያ የ3 ወይም 4 ወራት መስኮት ሳይዘጋ ፈጥናችሁ አምጡልኝ።

የዳሌ መገጣጠሚያው ጎድጓዳ በደንብ ሳይበስል የሚቀርበት ችግር ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። ኦስትሪያዊው ሐኪም ራይንሃርድ ግራፍ ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስተማረው ዘዴ የዳሌውን ጎድጓዳ ማዕዘን ይለካል፤ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ የበሰለ ነው። ኦስትሪያና ጀርመን ሕፃናቱን ሁሉ ያያሉ፤ ሌሎች ብዙ አገሮች ሲወለድ በመቀመጫው የመጣውን፣ ከቤተሰቡ ይህ ችግር ያለበትን፣ ወይም በእጅ ሲመረመር ዳሌው የሚላላውን ብቻ መርጠው ያያሉ። ሁለቱም ወገን መከራከሪያ አለው፤ እኔ ወደ መምረጡ አደላለሁ። ችግር ሳይጠረጠር በተወለደ በሳምንቱ የመጣ ሕፃን ግን ዳሌው ገና በተፈጥሮው ላላ ያለ ስለሆነ «ያልበሰለ» የሚል ሪፖርት ይዞ ይወጣል፤ ብዙዎቹ ያለ ምንም ሕክምና በራሳቸው ይበስላሉ። በመቀመጫው ለመጣና ምርመራው ደህና ለሆነ ሕፃን 6ኛው ሳምንት አካባቢ ጥሩ ነው። ከ6 ወር በኋላ ደግሞ አጥንቱ ስለሚጠነክር ራጅ ይሻላል።

ሳይፈለግ ስለሚገኝ ነገር ጠንከር ብዬ ልናገር። አንዲት እናት ፋይል አቅፋ መጣች። የ7 ዓመት ልጇን ለወራት አልፎ አልፎ እምብርቱ አካባቢ ያመዋል፤ ክብደቱ አልቀነሰም፣ ሌሊት አይቀሰቅሰውም፣ ትውከት የለው፣ ትኩሳት የለው። አንድ ቦታ ላይ በተሠራ አልትራሳውንድ «አንጀት አካባቢ ብዙ የሊምፍ ዕጢዎች» ተባለ። ተደገመ፣ አሁንም አሉ። የደም ምርመራ ተጨመረ። «ዶክተር፣ ደብቀውኝ ነው እንጂ ካንሰር ነው አይደል?» አለችኝ። በደንብ ከተፈለጉ ጤነኛ ልጅ ሁሉ ሆድ ውስጥ እነዚህ ዕጢዎች አሉ፤ ፕሮቦቻችን በተሻሻሉ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይታያሉ። ቅርጻቸው ጠፍጠፍ ያለ፣ መሐላቸው እንደሚገባው፣ መጠናቸው ትንሽ ነበር። ከጣፊያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ተጨማሪ ጣፊያም ሌላ ሪፖርት «ዕብጠት» ብሏት ነበር፤ እሷም ስንቱ ሰው ይዞት የሚኖር ነገር ናት። ልጁ የሚያስፈልገው ጊዜ ወስዶ የሚያናግረው የሕፃናት ሐኪም ነበር። አደገኛ ምልክት የሌለው፣ የሚመላለስ የሆድ ሕመም ላይ አልትራሳውንድ ምክንያቱን የሚያገኘው እምብዛም ነው። ሰላም ለማግኘት ተብሎ የታዘዘ ምርመራ ሰላም ሲነሳ ያየሁት እሷ ላይ ብቻ አይደለም።

ወደ ድምፁ ደህንነት ልመለስ፤ «በአብዛኛው» ያልኩት በምክንያት ነው። የምርመራ አልትራሳውንድ በልጆች ላይ ያደረሰው የታወቀ ጉዳት የለም። ሆኖም ድምፅ ጉልበት ነው፤ ጥቂት ሙቀት ይፈጥራል፣ አየርና ፈሳሽ በሚገናኙበት ቦታም ግፊት ያሳርፋል። ለዚህ ነው ማያው ጥግ ላይ ሁለት ቁጥሮች ያሉት፤ የሙቀት መለኪያውና የግፊት መለኪያው። አሜሪካ ውስጥ የግፊት መለኪያው ከ1.9 እንዳያልፍ ሲደነገግ ለዓይን ግን 0.23 ብቻ ነው። በእንስሳት ሙከራ ከፍ ያለ ግፊት ሳንባ ላይ ጥቃቅን ደም መፍሰስ አድርሷል፤ ስለዚህ የአራስ ሳንባ ሳይ ጉልበቱን ዝቅ አደርጋለሁ። ዶፕለር ከተራው ምስል ይልቅ ጉልበት ይሰበስባል፤ የአራስ አንጎል ላይ ከፍቼ አልረሳውም። እያሰብኩ ከሆነ ምስሉን አቆመዋለሁ፤ ሳስብ ልጁ ላይ ድምፅ መላክ ለምን ያስፈልጋል? ይህን ሳልነግራቸው የሚፈሩ ወላጆች አሉ፣ ስነግራቸው የሚፈሩም አሉ። ለሚፈሩት ሁሉ የምለው፣ ጥያቄ ያለው ምርመራ ላይ ይህ ለጭንቀት የሚበቃ አይደለም።

ክፍሉ ውስጥ የሚረዱ ነገሮች ትንንሽ ናቸው። ጄሉ ይሞቃል። ትንሹ ልጅ በእናቱ ወይም በአባቱ ጭን ላይ ሆኖ ሊታይ ይችላል። የሚያመውን ቦታ በመጨረሻ እነካለሁ፤ መጀመሪያ ከነካሁት ቀሪውን አያሳየኝም። ለኩላሊትና ለሽንት ፊኛ ከሆነ ፊኛውን በመጀመሪያ አያለሁ፤ ሕፃን ሆዱ ላይ ጄል ሲነካው መሽናቱ አይቀሬ ነው፣ ያኔ ሙሉ ፊኛ ማየት ቀረ። ለዚህ ምርመራ መጾም አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይጠጣ። ለሐሞት ከረጢት ግን ሆዱ ባዶ ቢሆን ይሻላል፤ ሕፃን ከሆነ አንድ የመጥቢያ ጊዜ መዝለል ይበቃዋል፤ እንደ አዋቂ ሌሊቱን ሙሉ ማስራብ ጭካኔ ነው። የቀድሞ ምስልና ሪፖርት ካለ ይምጣ፤ «ከበፊቱ ጨምሯል ወይ» የሚለውን ጥያቄ ያለ በፊቱ መመለስ አይቻልም።

ድንገተኛ ክፍል ያሉ ባልደረቦቼ አሁን አነስተኛ መሣሪያ ይዘው ራሳቸው ያያሉ። አልቃወምም፤ «ፊኛው ሽንት አለው? ሳንባው ዙሪያ ውሃ አለ?» ለሚል ጥያቄ ድንቅ ነው። ከአደጋ በኋላ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ አለማየት ግን ጉበቱ ወይም ጣፊያው አልተጎዳም ማለት አይደለም፤ በልጆች ላይ በተለይ።

መደጋገምን በተመለከተ ብዙ ወላጆች «ስንት ጊዜ ቢታይ ነው የሚበዛው?» ይሉኛል። በቁጥር አልመልስም። ከ2 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን ትኩሳት ያለው የሽንት ኢንፌክሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዘው ኩላሊቱና ፊኛው ይታይ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያ ነው፤ ደህና ከሆነ በየወሩ የሚደገምበት ምክንያት የለም። ቤክዊት-ዊዴማን የሚባለው የዕድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ግን የዊልምስ የኩላሊት ካንሰርና የጉበት ዕጢ ሊነሳባቸው ስለሚችል ሆዳቸው በየ3 ወሩ ይታያል፤ ይህም ለዓመታት። ያ የበዛ አይደለም። ዊልምስ በፍጥነት ስለሚያድግ ቀጠሮው ወደ 6 ወር ቢሰፋ በመሐል የተነሳው ዕጢ ስናገኘው ትልቅ ሆኖ ይጠብቀናል። የእነዚህ ልጆች ቀጠሮ ሲያልፍ ቤታቸው የምደውለው እኔው ነኝ።